ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነው ጋን፦ ስለ ገጠራማው ፌርፋክስ የቤት ፍሳሽ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለፌርፋክስ ካውንቲ ጤና መምሪያ

ይድረስ፦ በክሊፍተን፣ በፌርፋክስ ስቴሽን፣ በግሬት ፎልስ፣ በሜሰን ኔክና በአካባቢያቸው ሴፕቲክ ታንክ ባላቸው ቤቶች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች

ጉዳዩ፦ «ሞላ» የሚለው ቃል በሴፕቲክ ታንክ አያያዝ ላይ ስለሚያስከትለው ስሕተትና በአማርኛ ሊሰጥ ስለሚገባው ማብራሪያ

በፌርፋክስ ካውንቲ ስለ ፍሳሽ ሲነገር በአብዛኛው የሚታሰበው ከመንገድ ሥር የተቀበረው የሕዝብ ቧንቧና በቧንቧው መጨረሻ ላይ ያለው ትልቅ ማጣሪያ ሲሆን፣ በሎርተን የሚገኘውና በቀን እስከ 67 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ከ250 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራው የኖማን ኮል ማጣሪያ ጣቢያ ለዚህ ዋናው ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ እየጠበበ፣ ዛፉ እየበዛ፣ የጎረቤት ቤትም እየራቀ በሚሄድባቸው የካውንቲው ገጠራማ ሰፈሮች 20 ሺህ ገደማ የሚሆኑ ቤቶች ከዚህ ቧንቧ ጋር አይገናኙም፤ የእያንዳንዳቸው ፍሳሽ ከግቢያቸው ሳይወጣ በራሳቸው መሬት ውስጥ ይጣራል። በመላው አሜሪካም ከአምስት ቤተሰቦች አንዱ ያህል የሚኖረው በዚሁ ዓይነት ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለ ቤት የገዛ ሰው፣ ማንም በግልጽ ባይነግረውም፣ ቁልፉን በተረከበበት ቀን የአንዲት ትንሽ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ተሹሟል፤ ሹመቱ ግን ደመወዝ የለውም።

ከእነዚህ ሰፈሮች ብዙዎቹ ከሕዝብ ቧንቧ ውጭ የቀሩት ካውንቲው አቅም አጥቶ ወይም ረስቷቸው እንዳልሆነ በቅድሚያ መገለጽ ይኖርበታል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ከተማ የመጣ አንባቢ የቧንቧ አለመኖርን የልማት መዘግየት ምልክት አድርጎ መውሰዱ የሚጠበቅ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1957 በኦኮኳን ወንዝ ላይ በተሠራው ከፍተኛ ግድብ የተጠራቀመው ውሃ ለሰሜን ቨርጂንያ ዋና የመጠጥ ውሃ ምንጭ ሆኖ ሳለ፣ በቀጣዮቹ ዓመታት በፍጥነት ያደጉት ሰፈሮች በ11 ትንንሽ ማጣሪያዎች በኩል በቅጡ ያልጠራ ፍሳሽ ወደ ገባር ወንዞቹ ይለቁ ስለነበር፣ በፍሳሹ ውስጥ ያሉት ፎስፎረስና ናይትሮጅን ሐይቁን ለአልጌ፣ ማለትም በውሃ ላይ ለሚንሳፈፍ አረንጓዴ ሽፋን፣ እንደ ማዳበሪያ ሆኑለት። የቨርጂንያ የውሃ ቁጥጥር ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1971 የኦኮኳን ፖሊሲ የተባለውን ውሳኔ አውጥቶ ትንንሾቹ ማጣሪያዎች በአንድ ከፍተኛ ደረጃ ባለው ጣቢያ እንዲተኩ አደረገ፤ በሴንተርቪል የሚገኘው የላይኛው ኦኮኳን አገልግሎት ባለሥልጣን ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ ጀመረ። ከዚያም ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ1982 በተፋሰሱ ውስጥ ያለውን ወደ 41 ሺህ ኤከር የሚጠጋ መሬት በአምስት ኤከር አንድ ቤት ብቻ እንዲሠራበት በደንብ ወሰነው። አምስት ኤከር ሁለት ሄክታር ያህል ነው። በዚህን ያህል ርቀት ለተበታተኑ ቤቶች ቧንቧ መዘርጋት በወጪ የማያዋጣ ከመሆኑም በላይ፣ ቧንቧ ሲመጣ ብዙ ቤት ይዞ ስለሚመጣ፣ ገጠሩ ገጠር ሆኖ እንዲቀር የተፈለገው ለሚጠጣው ውሃ ሲባል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ በክሊፍተን አካባቢ ከሣር ሥር የተቀበረው ታንክ የአንድ ትልቅ የውሃ ጥበቃ ዕቅድ አካል ነው፤ ዕቅዱ ደግሞ የሚሠራው እያንዳንዱ ባለቤት ድርሻውን ካወቀ ብቻ ነው።

ሴፕቲክ ታንክ ከሲሚንቶ ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ የተቀበረ፣ ውሃ የማያሳልፍ ሣጥን ሲሆን፣ ስያሜው መበስበስን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ከመጸዳጃ ቤት፣ ከኩሽናና ከልብስ ማጠቢያ የሚወጣው ፍሳሽ ሁሉ በአንድ ቧንቧ ወደዚህ ሣጥን ይገባል። በውስጡ የሚሆነውን ነገር ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት፣ ለጠላ ክብር ባይመጥንም፣ ከጋን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ጠላ በጋን ውስጥ ሲቀመጥ አተላው ከሥር እንደሚዘቅጥ፣ ቀላሉ ነገር ከላይ እንደሚሰፍፍ፣ የጠራውም በመካከል እንደሚቀር ሁሉ፣ በታንኩ ውስጥም ከባዱ ቆሻሻ ወደ ታች ወርዶ ዝቃጭ ይሆናል፣ ቅባትና ሳሙና ወደ ላይ ወጥቶ ይሰፍፋል፣ በመካከል ያለው ፈሳሽ ብቻ በወዲያኛው ጫፍ ባለው መውጫ ይፈስሳል። ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዝቃጩ የተወሰነውን ክፍል እያብላሉ መጠኑን ይቀንሱታል፤ ጨርሰው ግን አያጠፉትም።

ከታንኩ የሚወጣው ፈሳሽ ገና የተጣራ አይደለም፤ ሽታውም ጀርሞቹም አብረውት አሉ። ዋናው ማጣራት የሚካሄደው ከታንኩ ቀጥሎ ባለው የማስረጊያ መስክ ሲሆን፣ ይህም ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች በጠጠር ወይም በሌላ ክፍተት ባለው ነገር ላይ ተዘርግተው የተቀበሩበት መሬት ነው። ፈሳሹ ከቧንቧዎቹ ወጥቶ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ሲሰርግ፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ባለው አየር የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቀሪውን ቆሻሻ ይመገባሉ፣ አፈሩ ራሱም ጀርሞችን ይይዛል። ይህ እንዲሆን አፈሩ ውሃ የሚያሳልፍና አየር ያለው መሆን አለበት፤ በአላባማ ግዛት በላውንዲስ ካውንቲ የሚኖሩ ድሃ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ለዓመታት ፍሳሻቸው በግቢያቸው ላይ ሲንጣለል የኖረበት አንዱ ምክንያት ጥቅጥቅ ያለው ሸክላ አፈር ውሃ የማያስገባ በመሆኑ ነው። በፌርፋክስም ቢሆን በምሥራቁ በኩል ሸክላ፣ በምዕራቡ በኩል ደግሞ ለመሬት ገጽ የቀረበ ዐለት አለ። ስለዚህ ለማስረጊያ የሚስማማው ቦታ በአንድ ግቢ ውስጥ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተበላሸ በኋላ ምትክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፣ ወጪውም በአሥር ሺዎች ዶላር ሊቆጠር ይችላል።

የዚህ ደብዳቤ ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ያደገ ሰው ስለ ፍሳሽ ጉድጓድ ምንም አያውቅም ማለት ስሕተት ነው፤ እንዲያውም ከቧንቧ በስተቀር ሌላ ካላየ አሜሪካዊ ጎረቤቱ ይልቅ እርሱ የተሻለ ያውቃል። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ እያለም፣ ከማዕከላዊው የፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘው የአዲስ አበባ ቤት ብዙ በመሆኑ፣ «ሽንት ቤት ማስመጠጥ» የሚለው አነጋገርም፣ በር ላይ የሚቆመው የመምጠጫ ቦቴም፣ የዕለት ኑሮ አካል ናቸው። በዚያ ሥርዓት ትክክለኛው ደንብ አንድ ነው፦ ጉድጓዱ ሲሞላ ይመጠጣል፣ ካልሞላ አይነካም፤ ያልሞላ ጉድጓድ ማስመጠጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ይኸው ትክክለኛ ዕውቀት ወደ ሴፕቲክ ታንክ ሲዛወር ግን ስሕተት ይሆናል። ሴፕቲክ ታንክ ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ቀናት በኋላ እስከ መውጫው አፍ ድረስ ይሞላል፣ ከዚያም ዕድሜውን ሙሉ ሞልቶ ይኖራል፤ አንድ ባልዲ ሲገባ አንድ ባልዲ ይወጣል። «ሞልቷል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ስለሆነ ጥያቄው ምንም አያስረዳም። መጠየቅ ያለበት ከሥር ያለው ዝቃጭና ከላይ ያለው ሰፈፍ ምን ያህል ወፍረዋል፣ በመካከል የቀረው የጠራ ክፍልስ ምን ያህል ጠቧል የሚለው ነው። መካከሉ ሲጠብ ፍሳሹ ለመዝቀጥ ጊዜ ስለማያገኝ ጠጣሩ ቆሻሻ ከፈሳሹ ጋር ተያይዞ ወደ ማስረጊያው መስክ ያልፋል፣ የአፈሩንም ቀዳዳዎች ይደፍናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤት ውስጥ ያለው ሰው ምንም ምልክት አያይም፤ መጸዳጃው እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ገላ መታጠቢያው እንደ ወትሮው ይፈስሳል። ውሃው ወደ ቤት ሲመለስ ወይም በመስኩ ላይ ያለው ሣር ከሌላው በላይ ሲለመልምና መሬቱ ሲረሰርስ፣ ማለትም ባለቤቱ በለመደው ቋንቋ «ሞላ» ሊል በሚችልበት ቀን፣ የተጎዳው ታንኩ ሳይሆን መስኩ ነው፤ መስክ ደግሞ በቦቴ አይመጠጥም።

የቨርጂንያ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጥበቃ ሕግ መሠረት ታንኩ ቢያንስ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ እንዲመጠጥ የሚጠይቀው የካውንቲው ደንብ የተመሠረተው በዚህ አሠራር ላይ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ባለቤት ግን አምስት ዓመቱን እንደ ግብር ወይም እንደ ኩባንያዎች የገበያ ብልሃት ሊቆጥረው ይችላል፤ ምንም ችግር ሳይታይ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር መክፈል ለአዲስ አበባው ደንብ ታማኝ ለሆነ ሰው ትርጉም የለውምና። ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት ደግሞ አምስት ዓመትም ሊረዝም ይችላል።

የቤተሰቡ ብዛት ጉዳይ በተለይ ሊብራራ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ሥርዓቱ የሚለካው በመጸዳጃ ቤት ወይም በቤቱ ስፋት ሳይሆን በመኝታ ክፍል ቁጥር ነው። በቨርጂንያ ደንብ ለአንድ መኝታ ክፍል ሁለት ሰው፣ ለእያንዳንዱም ሰው በቀን 75 ጋሎን ተብሎ ስለሚሰላ፣ አንድ መኝታ ክፍል 150 ጋሎን ወይም 570 ሊትር ያህል ይታሰብለታል፤ ባለ አራት መኝታ ቤት እንግዲህ በቀን 600 ጋሎን፣ ማለትም ከ2,200 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ፍሳሽ እንዲያስተናግድ የተፈቀደ ነው። ምድር ቤቱ ተከፋፍሎ ከአገር ቤት ለመጡ ወላጆች፣ ለታናሽ ወንድም ወይም ለተከራይ መኝታ ሲሆን፣ ቤቱ ላይ የሚታየው ለውጥ አዲስ ግድግዳና አዲስ ምንጣፍ ብቻ ነው፤ ከሣሩ ሥር ያለው መስክ ግን ለስምንት ሰው ተፈቅዶ አሥራ ሁለት ሰው ተሸክሟል። ክፍል ከመጨመር በፊት ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን የመኝታ ቁጥር ማየት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ከዚህ ጋር የማኅበር፣ የክርስትና፣ የሠርግ መልስና የለቅሶ ቤት ጉዳይ ይነሣል። በአምስት ኤከር ላይ ያረፈ ሰፊ ቤት ለዘመድ አዝማድ መሰብሰቢያ መመረጡ አይቀርም፤ መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ጎረቤት በድምፅ አይረበሽም። ሰባና ሰማንያ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ሲውል፣ መጸዳጃው ያለማቋረጥ ሲሠራ፣ ከማታ በኋላም ድስቱና ሳህኑ ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲታጠብ፣ ለስምንት ሰው የተለካው ታንክ የቀናት ውሃ በአንድ ቀን ይገባበታል፤ ውሃው ሲጣደፍ ደግሞ የዘቀጠው ይታወካል፣ የሰፈፈውም ይገፋል። እንግዳ መጥራት ይቅር ማለት የማይታሰብና የማይገባም ነው። ለትልቅ ድግስ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ መከራየት፣ የልብስ እጥበትን ከድግሱ በፊትና በኋላ ለጥቂት ቀናት ማቆየት፣ የዕቃውንም እጥበት በሁለትና በሦስት ቀን ማከፋፈል ግን ይቻላል። የለቅሶ ድንኳን የሚከራይ ዕድር መጸዳጃም አብሮ ቢከራይ እንደ እንግዳ ነገር ሊቆጠር አይገባም። መኪና በማስረጊያው መስክ ላይ እንዳይቆም መጠንቀቅም ያስፈልጋል፤ ክብደቱ አፈሩን ጠቅጥቆ አየር ያሳጣዋል፣ ቧንቧውንም ሊሰብር ይችላል።

ኩሽናው ሌላ ርዕስ ነው። የተነጠረ ቅቤና የወጥ ዘይት በሙቅ ውሃ ታጥበው ሲወርዱ የጠፉ ይመስላሉ፤ በቀዝቃዛው ታንክ ውስጥ ግን ረግተው በሰፈፉ ላይ ይጨመራሉ። የቡና አተላ በባክቴሪያ በቀላሉ ስለማይበላ ከሥር እየተከማቸ ይሄዳል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ጀበና በሚጣድበት ቤት ይህ ጥቂት አይደለም። የምጣድና የሊጥ ዕቃ እጣቢ ሊጥ ይዞ ይወርዳል፣ ጠላ በሚጠመቅበት ቤት ደግሞ እውነተኛው አተላ ራሱ አለ። እነዚህ ሁሉ በቆሻሻ ቅርጫት ወይም በጓሮ ማዳበሪያ ክምር ውስጥ ቦታ አላቸው፤ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው የምግብ መፍጫ ማሽን ግን ቅርጫቱን ወደ ታንኩ ከማዛወር በስተቀር የሚያቃልለው ነገር የለም። በረኪናን በተመለከተ፣ ለተለመደ እጥበት የሚውል መጠን ችግር ባይፈጥርም፣ ንጽሕናን በበረኪና ብዛት መለካት በለመደ ቤት በየቀኑ በብዛት የሚፈስሰው በታንኩ ውስጥ ያሉትን ሠራተኛ ባክቴሪያዎች ይገድላል። እርጥብ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ማሸጊያው ላይ ወደ መጸዳጃ ቢጣል ጉዳት የለውም የሚል ቢጻፍበትም፣ በታንክ ውስጥ አይበሰብስም።

አፈሩ ለተራው ሥርዓት በማይስማማበት ግቢ አየር እየነፋ ፍሳሹን አስቀድሞ የሚያጣራ መሣሪያ ይተከላል፤ ይህ አማራጭ ሥርዓት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የቨርጂንያ ደንብ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ቢያንስ በየዓመቱ መታየት አለበት። የማስጠንቀቂያ ደወሉ ሲጮኽ ፊውዙን አውርዶ ዝም ማሰኘት መሣሪያውን ወደ ተራ ሣጥን ይለውጠዋል።

በገጠራማው ክፍል ብዙ ቤቶች ፍሳሻቸው ብቻ ሳይሆን የመጠጥ ውሃቸውም የራሳቸው ነው። የፌዴራሉ የመጠጥ ውሃ ደኅንነት ሕግ የግል ጉድጓዶችን ስለማይመለከት ውሃውን የማስመርመር ኃላፊነት የባለቤቱ ነው። ከደከመ መስክ የሚሰርገው ናይትሬት ቀለምም ሽታም ስለሌለው በምርመራ ብቻ ይታወቃል፤ ለሕዝብ ውሃ የተወሰነው ጣሪያ በሊትር 10 ሚሊግራም ናይትሮጅን ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው በተለይ በጡጦ ወተት ለሚያድግ ሕፃን አደገኛ ነው፣ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋልና። ጉድጓድ የሌለው ጎረቤትም ቢሆን ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። የላይኛው ኦኮኳን ጣቢያ በቀን እስከ 54 ሚሊዮን ጋሎን፣ ይህም ከአዲሱ ቃሊቲ አቅም በእጥፍ የሚበልጥ ፍሳሽ አጣርቶ በቡል ረን ወንዝ በኩል ወደ ኦኮኳን ሐይቅ ይመልሳል፤ በድርቅ ወቅት ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ አብዛኛው ይኸው ተጣርቶ የተመለሰው ነው። ከሐይቁም ውሃው ለመጠጥ እንደገና ተጣርቶ ወደ ቤቶች ይሄዳል። የቤት ፍሳሽ ተመልሶ ውሃ መሆኑን ለመደበቅ የሚሞክር የለም፤ አሠራሩ በዓለም ዙሪያ እንደ ምሳሌ የሚጠና ነው። ከክሊፍተን ግቢዎች የሚሰርገውም በዝግታ ወደዚያው ይወርዳል፤ የሚያጣራው ግን መቶ መሐንዲስ ሳይሆን ጥቂት ሜትር አፈር ነው።

ከዚህ በመነሣት ለጤና መምሪያው የሚቀርበው ጥያቄ ጠባብና የተወሰነ ነው። አማርኛ ለአካባቢው መሥሪያ ቤቶች አዲስ ቋንቋ አይደለም፤ የፌርፋክስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች ከሚጽፉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፣ በወንዙ ማዶ በዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች መካከል ነው። ስለ ሴፕቲክ ታንክ በአማርኛ የሚዘጋጅ ማንኛውም ጽሑፍ ግን የእንግሊዝኛው ቀጥተኛ ትርጉም ባይሆን ይመረጣል፤ የእንግሊዝኛው አንባቢ ስለ ጉድጓድ ምንም እንደማያውቅ ታስቦ የተጻፈ ስለሆነ፣ የአማርኛው አንባቢ የሚያውቀውንና የሚያሳስተውን ነገር ሊያነሣ አይችልም። የአማርኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው መስመር «ታንኩ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ እስኪሞላ አይጠበቅም» ቢል፣ ቀጥሎም ማስመጠጥ የሚለውን የታወቀ ቃል ይዞ በአምስት ዓመት ቢያያይዘው፣ ከብዙ ገጽ ትርጉም ይልቅ ይጠቅማል። ጊዜውም አስፈላጊ ነው። በቨርጂንያ ቤት ሻጭ ስለ ፍሳሽ ሥርዓቱ ሁኔታ ማረጋገጫ የመስጠት ግዴታ ስለሌለበትና መርምሮ መግዛት የገዢው ፋንታ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ለባለቤቱ ከመድረሱ በፊት ለገዢው፣ ማለትም በአማርኛ ለሚያገለግሉት የቤት ሽያጭ ወኪሎች ሊደርስ ይገባል።

ለባለቤቶች ደግሞ፣ የግቢው የሥርዓት ፈቃድና ንድፍ በመምሪያው መዝገብ ስለሚገኝ፣ ታንኩና መስኩ የት እንዳሉ፣ ለስንት መኝታ እንደተፈቀደ፣ ፍሰቱን ከአንዱ የመስክ ክፍል ወደ ሌላው የሚያዛውር መቀያየሪያ ቫልቭ እንዳለውና እንደሌለው ከዚያ ማወቅ ይቻላል። ቫልቭ ካለው በየዓመቱ ይዞራል፤ ያረፈው የመስክ ክፍል በዓመቱ ውስጥ አየር አግኝቶ ያገግማል። ቀኑን ለማስታወስ የካውንቲውን የዘመን አቆጣጠር መከተል ግዴታ አይደለም፤ ዕንቁጣጣሽ ቢሆንም ያው ነው።

ግልባጭ፦
ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊድ ጽሕፈት ቤቶች
ለአካባቢው ዕድሮች
በአማርኛ ለሚያገለግሉ የቤት ሽያጭ ወኪሎች